የዶኛ ትራንሲቶ ተራ

ሰኞ፣ ማርች 3

ዛሬም ያዲራ ቦሎቄው ላይ ጨው ልትጨምር ስትል ደረስኩባት። እጇን ያዝኩት። የልጄ የኦስማን ሚስት ናት፣ እኛ ቤት ከገባች ሁለት ዓመት ሆናት። እስካሁን ድስቴን ነክታ አታውቅም... አላስነካኋትማ። «እማማ፣ ዛሬ እርስዎ ቁጭ ይበሉ፣ እኔ ላቅርብ» አለችኝ። ቁጭ ብዬ ምን ልሠራ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳን ፔድሮ ሱላ ከተማ ውስጥ ምግብ ቤት ይዤ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ በልቼ አላውቅም። ቆሜ፣ ከድስቱ አጠገብ፣ በማንኪያ። እንደዚያ ነው የሚጣፍጠኝ።

ከሰዓት ወንድም ናሁም መጣ። ከቤተ ክርስቲያናችን አሥር ሰው ይዞ ኤል ፓካያል ሊወጣ ነው፣ ተራራው ላይ፣ ለአሥር ቀን። የዚያ ጉባኤ የጸሎት ቤት ጣሪያ ዝገት በልቶት አልቋል። ቆርቆሮ ይቀይራሉ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ይጸልያሉ። ምግብ አብሳይ ይፈልጋል። «ሰዎቹ ድሆች ናቸው፣ አንክበድባቸው» አለ። ልቤ ደስ አለው። መስበክ አልችል፣ መዘመር አልችል፣ ድምፄ የእንቁራሪት ነው። ድስት ግን... እሄዳለሁ አልኩት።

ምግብ ቤቱስ? ኦስማን፣ ያዲራ ትያዘው አለ። ሳቅኩ። እስክመለስ ይዘጋል አልኩ። ያዲራ ሳህን አነሳች።


ሐሙስ፣ ማርች 6

ደረስን። ሰባት ሰዓት መንገድ፣ ያውም ከነድስቶቼና ከሩዙ ጆንያ ጋር የጭነት መኪናው ላይ። ወገቤ የኔ አይደለም።

ጉባኤው በሙሉ መንገድ ዳር ቆሞ ጠበቀን። ጊታር ይዘዋል፣ ክሩ የላላ። ሽማግሌው፣ ሕፃኑ፣ አንድ በአንድ እየጨበጡን «እግዚአብሔር ይባርክዎት፣ እህት» ይላሉ። አንጀቴን በሉት። ፓስተር ሊሳንድሮ ቀጭን፣ አጭር፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ድረስ ቆልፎታል፣ በዚያ ሙቀት።

የጸሎት ቤቱ በር ላይ ወረቀት በሚስማር ተመትቷል። የሴቶች ስም ዝርዝር። ምንድነው አልኩት። የእህቶች ተራ ነው አለ፤ እንግዶቹን የትኛው ቤት በየትኛው ቀን እንደሚያበላ። ከገና ጀምሮ ተዘጋጅተውበታል። ናሁም ፈገግ ብሎ፣ ዘንድሮስ አትቸገሩም፣ እህት ኤርሊንዳን አምጥተናል አለ። እኔም አፌን ሞልቼ «እኔ አለሁላችሁ» አልኩ። ፓስተሩ መሬት መሬት አየ። ከዚያ በጉባኤው ፊት ማንም እህት እንዳትቸገር ብሎ ተናገረ። ወረቀቱን ራሱ ነቀለው፣ አጥፎ የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደየቤታቸው ሄዱ። ደክሟቸው ነው መሰለኝ።


ቅዳሜ፣ ማርች 8

ዶሮ በሩዝ። ወንዶቹ ከጣሪያው ወርደው ሳህኑን ላሱት። ናሁም ሲያሞግሰኝ ጆሮዬ ጋለ።

ግን አንድም ሴት ወደ እሳቴ አትመጣም። ገጠር አይደለም እንዴ? ገጠር ውስጥ ምድጃ ካነደድሽ ሠፈሩ ሁሉ ይከብብሻል፤ አንዷ ሽንኩርት ትልጣለች፣ አንዷ ወሬ ታመጣለች። ውሃ ልቀዳ ብወርድ ሰላምታ ሰጡኝ፣ ጥሩ ሰላምታ፣ ከዚያ ጸጥ። እንስራቸውን አንስተው ሄዱ። ምን አጠፋሁ? የከተማ ሴት ኮራችብን አሉ ይሆን? እኔ እንኳን ልኮራ፣ ጥፍሬ ሥር ጥላሸት አለ።


እሑድ፣ ማርች 9

ከአምልኮ በኋላ አንዲት አሮጊት ከዶሮ አራት እጥፍ የምትሆን ቱርኪ አቅፈው መጡ። ሁሉም በአክብሮት ዶኛ ትራንሲቶ ይሏቸዋል። ትከሻዬ ጋ አይደርሱም። ቱርኪዋ ደግሞ ጉድ ናት፣ የሳቸውን ግማሽ ታህላለች።

«አብሳይዋ አንቺ ነሽ?»

አዎ አልኳቸው።

«እንግዲያው እንቺ። ለወንድሞች ነው። አንቺ ታውቂበታለሽ።»

ዘረጉልኝ፣ ከዚያ መለስ አደረጓትና አንገቷን አንዴ በጣታቸው ዳሰስ አደረጉ። ከዚያ ሰጡኝ። እኔ ምን አልኩ? አመሰግናለሁ አልኩና በእጄ መዘንኳት! ልክ ገበያ ላይ እንደማደርገው። ከሰባት ኪሎ አታንስም ብዬም ለናሁም ነገርኩት።


ማክሰኞ፣ ማርች 11

ይህን ልጽፍ አልፈለግኩም ነበር። ግን ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

ጠዋት ቱርኪዋን ሠራኋት። የዱባ ፍሬ ቆላሁ፣ ከቲማቲምና ከደረቅ ቃሪያ ጋር ፈጨሁ፣ ቀስ ብዬ አንተከተክኩት። እንዲህ ጣፍጦልኝ አያውቅም። ደግ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ዶኛ ትራንሲቶንም ጠራኋቸው። ታፋውን፣ ምርጡን፣ ለሳቸው አወጣሁ። ትንሽ ትንሽ ቆረሱ። «ጎበዝ ነሽ» አሉኝ። በሽርጣቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ቃሪያው ነው ብዬ ውሃ አቀረብኩላቸው... ውሃ!

ከሰዓት ፓስተር ሊሳንድሮ እጅጌውን ሰብስቦ ድስት ሊያጥብልኝ መጣ። ፓስተር ድስት ሲያጥብ አይቼ አላውቅም። ይተዉት ብለውም አልሰማኝም። እያሸ ሳለ፣ ቱርኪዋን ከማን ገዝተዋት ነው ብዬ ጠየቅኩት። ለወሬ ያህል። እጁ ቆመ።

ዶኛ ትራንሲቶ ሁለት ዓመት ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር አለ። ከአራት ዓመት በፊት እንደኛ ያለ ቡድን መጥቶ ወደ ከተማ ወሰዳቸው፣ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸውና አዩ። ከቀዶ ጥገናው በፊት ተስለው ነበር። ካየሁ፣ በስምህ የሚመጡትን አንድ ቀን ከቤቴ፣ በገዛ እጄ አበላለሁ ብለው። በዓመቱ ማንም አልመጣም። በሁለተኛው ዓመት ጎርፍ መንገዱን ቆረጠው። ዓምና የመጡት ድንኳናቸው ውስጥ የቆርቆሮ ምግብ በልተው ሄዱ። ዘንድሮ ዝርዝሩ ሲወጣ ቀድመው የተመዘገቡት እሳቸው ናቸው። የመጨረሻውን ቀን ስጡኝ አሉ፣ ዓርብን፣ ቱርኪዋ እንድትሰባላቸው። ከጫጩትነቷ ያሳደጓት ናት። ማንም እንዳይቸገር ሲባል ግን የጉባኤ ትእዛዝ ነው ብለው አምጥተው ሰጡኝ።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኩት።

«እንግዶቻችን ናችሁ፣ እህት ኤርሊንዳ። እንግዳን እንዴት አይሆንም እንላለን?»

ስለታቸውን በእጄ አረድኩት። በእጄ ቀቀልኩት። ለራሳቸው አቀረብኩላቸው። ጎበዝ ነሽ አሉኝ። ጌታ ሆይ...


ረቡዕ፣ ማርች 12

ሩዝ አረረብኝ። በሠላሳ ዓመት የመጀመሪያው።


ሐሙስ፣ ማርች 13

ቤታቸው ሄድኩ። ከጸሎት ቤቱ ጀርባ፣ አንድ ክፍል፣ ደጁ ተጠርጎ ንጹሕ። ይቅር ይበሉኝ አልኩ። አልቀየምኩሽም አሉ። ቢቀየሙኝ ይሻለኝ ነበር። ሌላ ቱርኪ እገዛልዎታለሁ ስላቸው ሳቁብኝ።

«የገዛሽውማ ያንቺ ነው፣ ልጄ።»

ሳቁ ወደ ሳል ሄደ። ቶሎ አልቆመም። ለከርሞ ይደርሳል አልኳቸው፣ ምን ልበል? ሐኪሙ ሳንባቸውን እንዳልወደደው ነገሩኝ፣ ስለ ጎረቤት እንደሚያወሩ ሁሉ። «ለከርሞ አለመኖሬ አይደለም የሚቆጨኝ» አሉ፣ «አፌ ያለውን እጄ ሳያደርገው መቅረቱ ነው።»

ቤት ውስጥ ምን አለዎት ብዬ ጠየቅኩ። ነውር ነው፣ አውቃለሁ። በቆሎ፣ ቦሎቄ፣ ሦስት የሚጥሉ ዶሮዎች። ለኔና ለድመቷ ይበቃናል አሉ።

ስመለስ ለናሁም ነገ ምግብ አልሠራም አልኩት። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። አዘነ፣ ግን እምቢ አለ። አሥራ አንድ ሰው ሆነን የአንዲት አሮጊት የወር በቆሎ አንበላም፣ የመጣነው ለመርዳት ነው አለ። ልጁ ክፉ አይደለም። እኔም ትናንት እንደሱ ነበርኩ።

«ናሁም፣» አልኩት፣ «ቱርኪዋን ስንበላ ድህነታቸው አልታየህም። አሁን ሊሰጡ ሲሉ ታየህ?»

ጭንቅላቱን አከከ። ወደ ፓስተሩ ሄድን። ወረቀቱ የት ገባ አልኩት። ከዚያው ኪስ አወጣው፣ እንደታጠፈ! ሰባት ቀን ሙሉ ይዞት ይዞር ነበር። በሩ ላይ መልሶ መታው። ቀኗ ያላለፈባት አንዲት ስም ብቻ ነበረች፣ ከታች።


ዓርብ፣ ማርች 14

ድስቶቼን ደፋኋቸው። ቁርስ የለም። ቅዳሜ ልንሄድ ነው፣ ጣሪያውም አልቋል፣ ስለዚህ ሥራ አለብን የሚል ምክንያት አልነበረም። ሆዳቸው የሚጮህ አሥር ሰዎች አስከትዬ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ዶኛ ትራንሲቶ ደጅ ቆምኩ።

«ርቦናል» አልኳቸው።

አዩን። በጣታቸው ቆጠሩን። ሳላቸው እስኪያልፍ ጠበቅናቸው።

«ዛሬ ዓርብ ነው?»

«ዓርብ ነው። ተራዎ ነው።»

ወደ ጓሮ ሄዱ። ቆዩ። ናሁም አየኝ። እኔም ፈራሁ፣ አዋረድኳቸው ይሆን ብዬ። በኋላ ፊታቸውን ታጥበው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ሌላ ሽርጥ አድርገው ብቅ አሉ። ግቡ አሉን።

ሳንቃ ድንጋይ ላይ አጋድመን ተቀመጥን። እኔ ግን ሊጡን ሳይ እጄ አላረፈልኝም። ተነሥቼ አንዱን ቂጣ መጠፍጠፍ ጀመርኩ። በእርጥብ እጃቸው እጄን መታ አደረጉኝ፣ እንደ ሕፃን።

«አንቺ እንግዳ ነሽ። ቁጭ በይ።»

ቁጭ አልኩ። እጄን የት እንደማደርገው አጣሁ። ጉልበቴ ላይ አደረግኩት።

ቂጣውን ሁለት ሁለቱን እየጋገሩ፣ ለአሥራ አንድ ሰው... ስንት ሰዓት እንደፈጀ እንጃ። ማንም አልቸኮለም። ለእያንዳንዱ ከመስጠታቸው በፊት ስሙን ይጠይቁታል፣ ቀረብ ብለው ፊቱን በደንብ ያዩታል፣ ከዚያ ቂጣውንና ቦሎቄውን በእጁ ያስይዙታል። ናሁም አፍሮ ሲያቀረቅር አገጩን ይዘው ቀና አደረጉት። «ቀና በል ልይህ፤ ዓይኔ የተሰጠኝ ለዚህ ነው» አሉት። ያ ሰባኪ ነኝ ባይ ቂጣውን በሁለት እጁ ተቀበለ።

የኔ ተራ ደረሰ። ስሜን ያውቁታል፣ ግን ጠየቁኝ። ኤርሊንዳ አልኩ። አዩኝ። ሠላሳ ዓመት ሰው አብልቼ እንደዚያ አይቼው የሰጠሁት ሰው ትዝ አይለኝም። ቦሎቄው ጨው ጎድሎታል... ያውም በጣም። አለቀስኩ እንጂ አልተናገርኩም። ሁለተኛ ቂጣ ጠየቅኩ። የዶሮዎቻቸውን እንቁላል ደግሞ ለሕፃን እንደሚደረገው እየቆረሱ አካፈሉን። በመጨረሻ የበቆሎ አጥሚት፣ በሁለት ኩባያ፣ እየተቀባበልን።

የሠፈሩ ሴቶች አጥሩ ላይ ተደርድረው ያያሉ። ከመካከላቸው አንዷ «እህት አብሳይ፣ ለከርሞ ስትመጪ ድስትሽን ቤትሽ ተይው» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ያን ቅዳሜ ውሃ መቅጃው ጋ ዝም ያለችኝ ናት።

ስንነሣ ዶኛ ትራንሲቶ እጃቸውን ታጠቡ፣ አደረቁ። «ስለቴን አስገባሁ» አሉ። ደክሟቸው ነበር። ሳንቃው ላይ፣ እኔ የተቀመጥኩበት ቦታ፣ ቁጭ አሉ። ድመቷ ጭናቸው ላይ ወጣች።


እሑድ፣ ማርች 16

ቤት። ኦስማን ስለ ጣሪያው ጠየቀኝ፣ ጥሩ ሆነ አልኩት።

ማድ ቤት ገባሁ። ያዲራ ቦሎቄ ጥዳለች፤ ስታየኝ ልማዷ ነውና ከምድጃው ራቅ ብላ ቆመች። እጇን ሽርጧ ውስጥ ደብቃ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚህ ነው የምትቆመው... እንዴት አላየሁም? ጭልፋውን አንስቼ ሰጠኋት።

«ዛሬ ተራሽ ነው» አልኳት።

ያመመኝ መሰላት። ግንባሬን ነካችኝ። አልታመምኩም አልኩና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግኩ። ጨው ስታነሣ ግድግዳውን አየሁ። አንዴ ጨመረች። ደግማ ጨመረች። ግድግዳው ቀለም ያስፈልገዋል።

አቀረበችልኝ። ቆማ ጠበቀች፣ ትንፋሿን ይዛ። ጨው በዝቶበታል። ቀና ብዬ በደንብ አየኋት፤ ቅንድቧ ላይ ትንሽ ጠባሳ አላት፣ አላውቅም ነበር።

«ድገሚኝ» አልኳት።