አፍ የሌለው ላፕቶፕ

ሰኞ

አገላብጬ አየሁት። በግራ የለም፣ በቀኝም የለም። ይህን ላፕቶፕ የገዛሁት ቅጥነቱን ወድጄለት ነበር፤ ለካ የቀጠነው አፉን ቆርጠውት ነው። ዲቪዲ የሚጎርስበት ቦታ የለውም።

አክስቴ እትዬ ትርንጎ ነጠላቸውን ደርበው ሶፋው ላይ ይጠብቃሉ። ከአዲስ አበባ እዚህ እስራኤል፣ ፔታህ ቲክቫ ድረስ እንደ እንቁላል ተጠንቅቄ ያመጣሁት ዲቪዲ የሠርግ ነው። ወንድማቸው ጋሼ ፈንታ ጎንደር ላይ ልጃቸውን ሲድሩ የተቀረጸ። ዘመዳችን ተስፋ ነው ከጎንደር በሰው የላከልኝ።

"ሲጨፍር ልየው እንጂ ሌላ ምን እፈልጋለሁ" ይላሉ እትዬ። ወንድማቸውን ካዩ ስንት ዘመን ሆኗቸዋል።

የድሮ ማጫወቻቸውን ልጃቸው ኦርሊ ጥላዋለች። "እማ፣ አሁን ዲስክ የሚያይ ማን አለ?" ብላ።

"እኔ አለሁ!" አሉ እትዬ።

ለረቡዕ ማታ የሰፈራቸው የኔቬ ኦዝ ጎረቤት ሁሉ ተጠርቷል። እኔ የሰማሁት ከተጠሩ በኋላ ነው።

ማክሰኞ

ከኦርሊ ጋር ጋራዥ ወደሚበዛበት ኪርያት ማታሎን ሄድን። ከጋራዦቹ መሐል አንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ አለ። ዲስኩን እያገላበጠ በዕብራይስጥ አንድ ነገር አለ። ምን አለ? ስላት ኦርሊ "ወደ ሙዚየም ውሰዱት አለ" አለችኝ። ይሁን እንጂ ከካርቶን ሥር በገመድ የሚሰካ ማጫወቻ አወጣልን።

ሠራ! ሙሽራዋ፣ ጭብጨባው፣ ጋሼ ፈንታ ትከሻቸውን እንደ ጎረምሳ ሲሰብቁ። እስከ መጨረሻው ደህና እንደሆነ ለማየት እየዘለልን ወደፊት ወሰድነው።

መጨረሻው ላይ ሙሽራዋ ጥቁር ለብሳለች።

ድንኳኑ ያው ድንኳን ነው። ሴቶች ደረታቸውን ይደቃሉ። መሐል ላይ የጋሼ ፈንታ ፎቶግራፍ ቆሟል።

"ዶድ ፈንታ?" አለች ኦርሊ። አጎቴ ፈንታ ማለቷ ነው። ጠጋኙ ቋንቋው ባይገባውም ድምፁን ቀነሰልን።

መርዶዬን ከማሽን ሰማሁ። ጋራዥ መሐል ቆሜ። ማልቀስ ሲገባኝ ሰውየውን በአማርኛ "ፌስታል አለህ?" አልኩት።

ተስፋ ጋ ደወልኩ። "እንዴ! ለቅሶውንም ጨመረበት?" አለ። ካሜራ የሚያነሳው ሰውዬ ያው ነው፤ ዲስኩ ላይ ቦታ ተርፎት ነው።

"አይታችሁ አትልኩም?"

"በምን እንየው? የሁላችንም ኮምፒውተር እንዳንቺው ነው።"

ለእኔ ያልነገሩኝ መንገደኛ ስለሆንኩ ነው። ለእትዬ ደግሞ መርዶ በስልክ አይነገርም። ወንድሜን አገናኙኝ ባሉ ቁጥር "ስልኩ ተበላሽቶበት ነው" እያሉ አቆይተዋቸዋል።

ረቡዕ

ሽማግሌዎች ነገ በማለዳ መጥተው ይነግሯቸዋል። እስከዚያ ዝም። "በሰደር"፣ እሺ ተባባልን። ኦርሊ የተጠሩትን ጎረቤቶች ልትመልስ ወጣች፤ እትዬን መያዝ የእኔ ድርሻ ሆነ።

"ማጫወቻው አልተገኘም" አልኳቸው።

"ኦርሊ ተገኘ አለችኝ።"

"ተሰበረ።"

"ሳይገኝ?"

ዕድሜዬን ልብ ወለድ ሳነብ ኖሬ ሁለት መስመር ውሸት መገጣጠም አቃተኝ። ኦርሊ ስትገባ ደግሞ መብራት ሊጠፋ ነው አለች። እትዬ ሁለታችንን ተራ በተራ አዩን።

"ሠርግ ከከለከላችሁኝ ሰው ሞቷል። ማነው?"

ኦርሊ ወደ እኔ ዞረች።

"ስልኩ የተበላሸበት ነው?"

አንገቴን ደፋሁ። እትዬ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

ሐሙስ

እትዬ ሌሊቱን ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ። በሩ ሲንኳኳ ፊታቸውን ታጥበው ነበር። ከመክፈቴ በፊት ክንዴን ያዙኝ። "ሰምታለች እንዳትይ። በዚህ ብርድ ተነሥተው መጥተው አጉል ይሁኑ?"

ሽማግሌዎቹ ኮፍያቸውን እንዳደረጉ ተቀመጡ። አንደኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ስለ ዓለም ከንቱነት ተናገሩ፤ በመጨረሻ ስሙን ጠሩ። እትዬ ጮኹ። ግድግዳው የተሰነጠቀ መሰለኝ።

በልቤ "ሲያስመስሉት!" ብዬ ተደነቅሁ። ከዚያ ልደግፋቸው ስጠጋ ገላቸው እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። የሚያስመስሉት ነገር አልነበረም። አፈርኩ።

ዓርብ

ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቷል። ሻባት፣ የሰንበቱ ዕረፍት፣ ሳይገባ እትዬ "ያንን ነገር ክፈቺው" አሉኝ።

"እማ፣ ሎ! አይሆንም!" አለች ኦርሊ።

"ለምን? ጨፍሮ አይደል የሞተው? ያላ፣ በይ ክፈቺው።"

ጋሼ ፈንታ ጨፈሩ። እትዬ ሳቁ፣ እንባቸውም ወረደ። ሠርጉ ሲያልቅ ላቆመው ጣቴን ዘረጋሁ።

"ተይው።"

ለቅሶው መጣ። እትዬ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ ይቃኙ ጀመር። "ያችን እዩዋት! ስንት ዓመት ከእጁ በልታ፣ ጠብታ እንባ የላትም!" ለቀስተኛው ሁሉ አንገቱን አስግጎ አያት። እኔ በድንጋጤ ክው አልኩ።

ከዚያ "መልሺው" አሉኝ ቀስ ብለው።

"የቱ ጋ?"

"እሱ ያለበት ጋ።"

መለስኩት። ጭብጨባው ሲጀምር እኔም አለቀስኩ።