ልጅሽ ልትወልድ ቤትሽ መጣች

ለልጆቼ እናት ለጥሩወርቅ፤ ካለሽበት በሰላም ይድረስሽ።

ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ሆዴን ብለሽ ወረታ ሐኪም ቤት ከገባሽ በኋላ ሳትመለሺ ስትቀሪ፣ ለመሰናበቻ እንኳ ወግ ያለው ነገር ሳንነጋገር ነው የተለያየነው። ሙት ዓመትሽን ካወጣን ወዲህ ሰዉ ወደየሥራው ተመለሰ፣ እኔም ተመለስሁ፤ ቢሆንም የሆነ ነገር ሲያጋጥመኝ ዞር ብዬ አንቺን መፈለጌን እስካሁን አልተውሁም። ለድቁና ስማር የቀሰምኋት ጽሕፈት የዕድር ስም ከመመዝገብ አልፋ አታውቅም ነበር፤ ዛሬ ላንቺ ልጻፍባት ብዬ ተቀመጥሁ። አትሳቂብኝ። በሕይወት ሳለሽ አንድ መስመር ጽፌልሽ አላውቅም። ከጎኔ ለተቀመጠች ሴት ምን ብዬ እጽፋለሁ?

በቅድሚያ የቤቱን ወሬ። ሩዙ ዘንድሮ አላሳፈረንም፤ ለአጨዳ ደርሷል። ቡሬዋ ላም ወንድ ጥጃ ወለደች። የጓዳው ጣሪያ ማፍሰሱን ትቷል፤ አንቺ ስትነግሪኝ ኖረሽ ያልሰማሁትን፣ ዝናቡ አልጋዬ ላይ ሲወርድ ሰማሁት። ትንሹ ልጃችን ጌትነት አራተኛ ክፍል ገብቷል፤ ቁመቱ ደረቴ ደርሷል። ትልቁ ወሬ ግን የበኩር ልጅሽ የማስተዋል ነው፤ ይህን ሁሉ የሚያጽፈኝም እሱ ነው።

መፅነሷን የሰማሁት ባለፈው የካቲት ይፋግ ገበያ ላይ ነው። ባሏ፣ ያ በሠርጉ ቀን የጨፈርሽለት ልብስ ሰፊ፣ መሬት መሬት እያየ ነገረኝ። ደስ ብሎኝ ሳበቃ ምን እንደምመክራት ጠፋኝ። ከባድ ዕቃ አታንሺ አልኋት፤ ሌላ የማውቀው አልነበረኝም። አንቺ ብትኖሪ ስንት ነገር ትነግሪያት ነበር! ሌሎቹ ሴቶች ዓይን ይገባናል ብለው ሆዳቸው እስኪገፋ ሲደብቁ፣ አንቺ ገና ሰው ሳያውቅልሽ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ክትትል እንደ ጀመርሽ አስታውሳለሁ። ጾም ሲመጣ የንስሐ አባታችንን አስፈቅደሽ ትበዪ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሰው ምን ይለናል እያልሁ እጨቀጭቅሽ ነበር። አጎበሩስ? የሩዙን ችግኝ ከወፍ ልሸፍንበት ስጎትተው፣ ሌላውን ጫፍ ይዘሽ በዚያ ሆድሽ የታገልሽኝ! የወባ ትንኝ ሩዝ አትበላም ብለሽ ሰው ፊት አሳፈርሽኝ። ይህችን ለማስተዋል ነገርኋት። ሳቀች፤ ቀጥላ አለቀሰች።

እንግዲህ ወጉን ታውቂዋለሽ። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው፤ ቀኗ ሲቃረብ ሴት ልጅ ወደ እናቷ ትመጣለች፣ እናቷ ዘንድ ትታረሳለች። የማስተዋል አማት ግን ከይፋግ ሰው ላኩብኝ። የርብ ወንዝ ውኃ እናንተ ጋ ሊመጣ ነው፣ እዚህ መንገዱም ደረቅ ነው፣ ጤና ጣቢያውም ቅርብ ነው፣ ቅር ካላላችሁ እኛ ዘንድ ትውለድ አሉ፣ እጅግ በትሕትና። ተቀየምሁ። እናት ስለሌላት በሰው ቤት ወለደች ይበሉን ወይ አልሁ። ሐምሌ ሲጋመስ ሄጄ አመጣኋት፤ እስከ ወረታ በመኪና፣ ከዚያ ቁሐር ቤታችን ድረስ በእግር። ጭቃው ገና ከቁርጭምጭሚት አላለፈም ነበር።

ለመምጣቷ የቻልሁትን ያህል ተዘጋጅቼ ነበር። ለገንፎው ገብስ አስፈጨሁ፣ ቅቤ አስነጠርሁ፣ ወለሉን በራሴ እጅ ለቀለቅሁ። እንዳንቺ አልሆነም፤ ዶሮ የጫረችው ይመስላል። ማስተዋል ስትደርስ ደጃፉ ላይ ቆመች። ግቢ ብላት አልገባችም። ማንን እየጠበቀች እንደ ሆነ ሲገባኝ እኔም አብሬያት ቆምሁ።

ጎረቤታችን እትዬ ውባለም ሲያዩዋት ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ጎን ወሰዱኝና፣ አንተ ሰው፣ ምነው ልጅቱን ከደረቅ መሬት አንሥተህ ውኃ ላይ አመጣሃት፣ ጥሩወርቅ ራሷ እዚህ ቤት ወልዳ ታውቃለች ወይ አሉኝ። ያን ጊዜ ቆም ብዬ አሰብሁ። ማስተዋልን የወለድሽው እናትሽ ዘንድ፣ ጣራ ገዳም ተራራው ሥር ነው፤ ውኃ የማይተኛበት አገር። ጌትነትን ስትወልጂ ደግሞ እናትሽ አልፈው ስለ ነበር፣ ገና ሰኔ ሳያልቅ ወረታ እኅትሽ ቤት ገባሽ። እኔ የሩዙን አረም ሸሽተሽ፣ የከተማ ኑሮም አምሮሽ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ውኃውን ሽሽት ኖሯል። አኩርፌ ስንት ቀን ሳልጠይቅሽ ቀረሁ። አንቺም አላብራራሽልኝም። ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ወይስ ነግረሽኝ እኔ ነኝ ያልሰማሁት? የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው፤ አሁን ይህን ማንን ልጠይቅ?

እመልሳታለሁ አልሁ። ደግሞ አማቷ ምን ይሉኛል አልሁ። እስቲ የደብረ ታቦር በዓል ይለፍ፣ ዝናቡም ጋብ ይላል አልሁ። እንዲህ ስል ርብ ሞላ፤ ማሳውና መንገዱ አንድ ሆነ።

ምጡ የጀመራት ቀኗ ሳይደርስ ነው፤ ጠዋት፣ ከብቶቹን ሳወጣ። አምቡላንሱ ተደውሎለት አስፋልቱ ላይ መጥቶ ቆሟል፤ ወደ እኛ ግን ጎማ የሚገባበት መንገድ አልነበረም። የሠፈሩ ወንዶች ቃሬዛ አበጅተው ተሸከሟት። ውኃው ወገብ ጋ ደረሰ፤ አንዱ ሲደክመው ሌላው ትከሻውን እየሰጠ ተቀባበሏት። ሴቶቹ ማርያም፣ ማርያም እያሉ ተከተሉን። እሷ በየመካከሉ እናቴ ትል ነበር። እኔ የቃሬዛውን ጠርዝ ይዤ፣ አለሁ ልጄ፣ አለሁ እላት ነበር፤ የምትጠራው እኔን እንዳልሆነ እያወቅሁ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። አንቺን ስቀብር እንኳ አልፈራሁም፤ አዘንሁ እንጂ። ያን ቀን ግን ልጅሽን በገዛ እጄ ወዳንቺ የምሸኛት መሰለኝ።

ወረታ ሐኪም ቤት ስንደርስ እሷን ወደ ውስጥ አስገቧት፤ እኔ ደጅ ቀረሁ። እንዴት ያለ መጠበቅ እንደ ነበረ አልነግርሽም። በኋላ አዋላጇ ወጣችና፣ ደም ፈሷት ነበር፣ ለጥቂት ነው የደረሳችሁት አለችኝ። ከዚያ አስገባችኝ። ሴት ልጅ ናት፣ ጥሩወርቅ። ሁለቱም ተርፈዋል። ማስተዋልን እንኳን ማርያም ማረችሽ አልኋት፤ ከንፈሯ ነጥቶ፣ ልጇን ደረቷ ላይ አስተኝታ ነበር።

እዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ጠቀምሁ። አብራን የመጣች ዘመዳችን፣ ይኸ ቢጫው የመጀመሪያ ወተት ሆድ ያማል፣ ታልቦ ይደፋና ሕፃኗን ቅቤ እናቅምሳት ማለት ጀመረች። ጌትነት የተወለደ ጊዜ እኔም እንደዚሁ ስል ያልሽኝ ትዝ አለኝ። ለጥጃህ እንገሩን ታጠባለህ፣ ለልጅህ ግን ትደፋለህ ወይ ብለሽኝ ነበር። ያንኑ ቃል በቃል ደገምሁት። ዘመዳችን ተወችው፤ አዋላጇም ትክክል ነዎት አባቴ ብላ አመሰገነችኝ። ያንቺ ቃል መሆኑን ሳልናገር ልወጣ ነበር፤ አላስችል አለኝና ከበሩ ተመልሼ ነገርኋት።

ማስተዋል ውኃው እስኪጎድል ወረታ እኅትሽ ቤት ከረመች፤ መስከረም ሲጠባ ወደ ቁሐር አመጣኋት። ከዚያ ጥያቄዋ ጀመረ። እኔ ሕፃን ሳለሁ አልቃሻ ነበርሁ? መቼ ዳኸሁ? እናቴ መጀመሪያ ምን አበላችኝ? ጡት እንዴት አስጣለችኝ? ትኩሳት ሲይዘኝ ምን ታደርግ ነበር? እኔ አባቷ ነኝ፣ አንድ ጣሪያ ሥር ኖሬያለሁ፤ ለብዙው ግን መልሴ፣ እሱን እናትሽ ነበረች የምታውቀው ማለት ብቻ ሆነ። ያየሁትን ለቃቅሜ ነገርኋት። ስድስት ወር እስኪሞላቸው ከጡት በቀር ውኃ እንኳ እንደማታቀምሻቸው፤ ከዚያ በኋላ ሌላው የሩዝ ውኃ ብቻ ሲያጠጣ፣ አንቺ ሩዙን ከሽምብራ ጋር አስፈጭተሽ፣ ወፈር አድርገሽ፣ እንቁላል ሲገኝም ጨምረሽ እንደምታበያቸው። የክትባት ቀን ከገበያ ቀን ጋር ከገጠመ የሚቀረው ገበያው እንደ ነበረም ነገርኋት። መሬት ላይ ሲድሁ አብረሽ መሬት ተቀምጠሽ ታወሪያቸው ነበር፤ አፍ ያልፈታ ልጅ ምን ይገባዋል እያልሁ እቀልድብሽ ነበር። የቀረውን ይዘሽው ሄደሻል።

የጌትነትም ነገር እንዲሁ ነው። አመሻሽ ላይ ሩዝ ስትለቅሚ አጠገብሽ ታስቀምጪውና፣ ዛሬ ምን ተማርህ፣ እስቲ ለእኔም አስረዳኝ ትይው ነበር። ፊደል አልቆጠርሽም። እሱ ግን አንቺን የሚያስተምር እየመሰለው ትምህርቱን ሁሉ ይደግመው ነበር። እኔ የእናትና የልጅ ወሬ ነው ብዬ ሬዲዮ እከፍት ነበር። አሁን ራሴ ስጠይቀው ምንም ይለኛል፤ አጠያየቄ የምርመራ ይመስላል መሰለኝ። ሩዙ ማፍራት ሲጀምር ደግሞ ወፍ እንዲጠብቅልኝ ከትምህርት አስቀረሁት። በትምህርት ቀን ማሳው ላይ ቆመሽ የምትጮኺው አንቺ እንደ ነበርሽ ትዝ ያለኝ መምህሩ ሲያስጠሩኝ ነው። አሁን ወፉን የማባርረው እኔ ነኝ። ሩዝ መልቀምም ጀምሬያለሁ። ጠጠሩን ዓይኔ አያየውም፤ ጥርሳችን ያገኘዋል። ልጁ ግን ሳልጠራው መጥቶ ከጎኔ መቀመጥ ጀምሯል፤ አልፎ አልፎም አንድ ሁለት ነገር ይነግረኛል።

ትናንት ሕፃኗ ቁሐር ሚካኤል ክርስትና ተነሣች። ዛሬ ጠዋት የማስተዋል ባል መጥቶ ወደ ይፋግ ይዟቸው ሄደ። ከመሄዳቸው በፊት ማስተዋልን ጠራሁና፣ ልጄ፣ ሁለተኛውን ስትፀንሺ ወደዚህ አትምጪ፣ አማትሽ ዘንድ ውለጂ አልኋት። ደንግጣ አየችኝ። ትክክሉ ይኸ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ከእንግዲህ የእናት ቤት የለሽም ያልኋት ያህል ተሰማኝ፤ እሷም እንደዚያው ሰማችው መሰለኝ፣ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ቤቱ የእናት ቤት የነበረው አንቺ ስላለሽበት ነበር። ይህን ለማመን ልጅሽን ውኃ ላይ ማንሳፈፍ አልነበረብኝም።

ባሏን ለብቻው እስከ አጥሩ ሸኘሁት። ሚስትህን ጠይቃት አልሁት። ልጅቱ ለምን እንደምታለቅስ፣ ምን እንደምታበላት፣ ሲያማት ምን እንደምታደርግላት፣ ለምን እንደዚያ እንደምታደርግም ጠይቃት። አብረሃት ጤና ጣቢያ ሂድ፣ ቆመህ ስማ። እያለችልህ ጠይቃት። ሳቀና እሺ አባባ አለኝ። እኔም በእሱ ዕድሜ እንደዚያው ነበር የምስቀው። እጁን አልለቀቅሁትም፤ ሳቁን እስኪጨርስ ያዝሁት።

በይ እንግዲህ ደህና ሁኚ፣ የኔ ዓለም። ስለ አንቺ የማውቀው ጥቂት ነው፤ ያችኑ ጥቂት እንዳላጣት ለልጆችሽ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ፣ እስኪሰለቹኝ ድረስ። የልጅ ልጅሽ አፏን ፈትታ አያቴ ምን ዓይነት ሰው ነበረች ያለችኝ ቀን የምመልስላትን ከአሁኑ እያሰብሁ ነው። መጀመሪያ፣ ሳልጠይቃት ሞተችብኝ እላታለሁ። ከዚያ የማስታውሰውን አንድ ሳላስቀር እነግራታለሁ።

ባልሽ