ስልኩን በሰው እንዳትልኪብኝ

ትዕምርት ልጄ፣

ወደ መሰላ ሄጃለሁ፣ ጎረቤታችን ሉባባ እዚያ እናቷ ቤት ናት። ስልኬን ቁም ሳጥን ውስጥ ነጠላዬ ስር ትቼዋለሁ። በሚኒባስ ሹፌር እንዳትልኪብኝ፤ ብትልኪውም አልቀበልም።

ሽሮው ድስት ውስጥ አለ፣ አሙቂና ብዪ። ውሃ ነገ ይመጣል ብለዋል፣ ጀሪካኖቹን ሙዪ።

ሉባባ የወለደችው ልጅ አልተረፈም። አንድ ግድግዳ የምንጋራ ሰዎች ሆነን፣ እኔ የሰማሁት በአራተኛው ቀን ነው፤ ያውም ባሏን መንገድ ላይ አግኝቼ። አብዱልቃዲር ምን አለኝ መሰለሽ? «ምጥ ሲይዛት አንኳኩተን ነበር እኮ እትዬ። የሉም ብለን ሄድን።»

ነበርኩ። ሲንኳኳም ሰምቻለሁ። ፌስቡክ ላይ ለማላውቀው የታመመ ሕፃን «አሜን» እየጻፍኩ ነበር፤ ይሄን ልጨርስ ብዬ ነው ያልተነሳሁት።

ለእሱ ይህን አልነገርኩትም። ለእሷ ግን እነግራታለሁ።

አንቺ «እማዬ፣ አስቀምጪው» ስትዪኝ «መንፈሳዊ ነገር ነው የማየው!» ብዬ ጮኼብሽ ነበር። እሱን ስመለስ እናወራለን። አንቺም ብትሆኚ እራት ላይ ከስልክሽ ቀና ብለሽ አታዪኝም፤ እሱም ይያዝልኝ።

የጸሎት ግሩፑ ሰዎች የት ጠፋች ካሉ፣ ወጥታለች በያቸው። ጌታ እንደሆነ ያለ ኔትወርክም ሲሰማኝ ነው የኖረው።

እስከ እሁድ እቆያለሁ። ሉባባ ከቤት ካስወጣችኝም ደጃፏ ላይ እቀመጣለሁ።

እናትሽ