ጋሽ ቆርቆሮን ላሰሩት ክቡር ኃላፊ

ለጸረ ቫይረስ ፕሮግራም አምራቹ ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት የበላይ ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በሥርዎ ላሉት ባለሙያዎች በሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይ ለዓይናችሁ። ብዙ ሥራ ትሠሩበታላችሁና ፈጣሪ ይጠብቅላችሁ። የእኔን ደህንነት የጠየቃችሁ እንደሆነ፣ ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት በየማለዳው «ደህና ነሽ» ስትሉኝ የኖራችሁት እናንተው ናችሁና ከእኔ ይልቅ መዝገባችሁን ብትጠይቁ ይሻላል።

እስካሁን የምታውቁኝ በደንበኛ ቁጥር ብቻ ስለሆነ ራሴን ላስተዋውቅ። የአምሳ ሦስት ዓመት ሴት ነኝ። በአራት ዓመቴ የዓይኔ ብርሃን ጠፍቷል። የአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጣሪ ስሆን፣ ሥራዬ የተቀዱ ስብሰባዎችን በጆሮዬ እየሰማሁ ቃለ ጉባኤ መጻፍ ነው፤ የምሠራውም ከቤቴ፣ ከአራተኛ ፎቅ ሆኜ ነው። የቦርዱን አባላት በሳላቸውና ወንበር በሚጎትቱበት መንገድ ለይቼ አውቃቸዋለሁ፤ እነሱ ግን እኔ መኖሬን የሚያውቁ አይመስለኝም።

ኮምፒውተሬ ውስጥ በስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ ጮክ ብሎ የሚያነብልኝ ፕሮግራም አለ። ድምፁ ቆርቆሮ ላይ የሚንከባለል ጠጠር ስለሚመስል ስሙን ጋሽ ቆርቆሮ ብዬዋለሁ። ጋሽ ቆርቆሮ የሐዘን መልእክትንም የቅናሽ ማስታወቂያንም በአንድ ዜማ ነው የሚያነበው። ስቆ አያውቅም፣ ተቆጥቶም አያውቅም። «ሰ» ብዬ ስጽፍ «ሰ» ይለኛል፤ ስሳሳትም ስህተቴን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይነግረኛል። ሬዲዮ የለሽም ወይ ትሉኝ ይሆናል፤ አለኝ። ሬዲዮ ግን የሚያወራው ለሁሉም ነው፣ ጋሽ ቆርቆሮ የሚያወራው ለእኔ ብቻ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት በዋለው ማክሰኞ፣ ድርጅታችሁ ጥበቃዬን ይበልጥ ያጠናክር ዘንድ አንድ ማሻሻያ ላከልኝ። ስላሰባችሁልኝ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን እንደ ሥራ ልማዴ በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በዚያ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ማቀዝቀዣው ሲዞር ሰማሁ፤ የእናንተ ፕሮግራም አንድ ነገር በድል ሲፈጽም የምታሰማው ትንሽ ደወልም ቅጭል አለች። ከዚያ በኋላ ጸጥ። አንዱን ቁልፍ ብነካ፣ ሌላውን ብነካ፣ ጋሽ ቆርቆሮ ትንፍሽ አላለም። መጀመሪያ የጠረጠርኩት የድምፅ ማጉያውን ነበር፤ ገመዱን ነቅዬ ሰካሁት። ቀጥሎ የጠረጠርኩት ጆሮዬን ነው። ከኩሽና ማንኪያ አምጥቼ ወለሉ ላይ ጣልኩ፤ ማንኪያው በደንብ ጮኸ። ክቡር ኃላፊ፣ ዓይን የሌለው ሰው ጆሮው ሄደ ብሎ ሲያስብ በሆዱ ውስጥ ምን እንደሚያልፍ በጥናት ማወቅ ካስፈለጋችሁ፣ ያቺን ደቂቃ ያለ ምንም ክፍያ ልተርክላችሁ ዝግጁ ነኝ።

ሁለተኛ፤ በእገዛ መስመራችሁ ደወልኩ። አርባ ደቂቃ ያህል ፒያኖ አሰማችሁኝ፤ በየመሐሉም አንዲት ሴት ጥሪዬ ለእናንተ እጅግ ውድ መሆኑን ትነግረኝ ነበር። በኋላ የቀረበችልኝ ሠራተኛችሁ ትሕትናዋ እንከን አልነበረበትም።

«ስክሪኑ ላይ ምን ተጽፎ ይታይዎታል?» አለችኝ።

«አይታየኝም።»

«ስክሪኑ ጠፍቷል ማለት ነው?»

«ስክሪኑ መብራቱን አለመብራቱን አላውቅም፤ ዓይነ ስውር ነኝ።»

ከዚያም በለሰለሰ ድምፅ፣ «እንግዲያው አጠገብዎ የሚያይ ሰው አለ?» ስትል ጠየቀችኝ።

ጥያቄው ትክክል ነው፤ መመሪያችሁ ላይም ሳይኖር አይቀርም። እኔ ግን «አሁን ወጣ ብሏል» ብዬ መለስኩላት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። «ሲመለስ ይደውሉልን» ብላ በክብር ተሰናበተችኝ። ስልኩን ዘግቼ እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ማንም የወጣ ሰው እንደሌለ እያወቅኩ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ጆሮዬ በሩ ላይ ነበር።

ሦስተኛ፤ ዓርብ ማስረከብ የነበረብኝ ቃለ ጉባኤ ነበር። ረቡዕ ለጽሕፈት ቤት ኃላፊያችን ደውዬ የደረሰብኝን ነገርኳት። «አይዞሽ፣ ዕረፊ በቃ። በራሱ ሰምቶ የሚጽፍ አዲስ ፕሮግራም መጥቷል፤ የዚህን ሳምንት በእሱ እንሞክረዋለን» አለችኝ። ክፋት የላትም፤ ያለችውን ከልቧ ነው ያለችው። ይሁን እንጂ «ዕረፊ» የምትለው ቃል እንደዚያ ቀን አስፈርታኝ አታውቅም። ነገሩ በምን እንዳበቃ ለማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ያ ፕሮግራም አሁን ግማሹን ሥራዬን ወስዶታል። የቦርዱ አባላት ሲያስሉ ቃል እየመሰለው ይጽፋል፤ እኔም እሱ የጻፈውን ሳል እየሰረዝኩ አርማለሁ።

አራተኛው ቅሬታ ሳይሆን የሆነውን ነገር መተረክ ነውና በትዕግሥት ያንብቡልኝ።

ሐሙስ ጠዋት የፊት ለፊቱን በር አንኳኳሁ። እዚያ የሚኖረው ሰው የአውቶቡስ ሹፌር ነው። አራት ዓመት ሙሉ ጎረቤቴ ሆኖ የማውቀው በቁልፉ ቅጭልጭልታና በከባድ ጫማው ብቻ ነበር፤ ሐሙስ የዕረፍት ቀኑ መሆኑንም ያወቅኩት ያን ቀን ቁልፉ ስለሚዘገይ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ያወራነው ደረጃ ላይ ስንተላለፍ «ይቅርታ»፣ «ምንም አይደል» የሚለውን ነው።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር እንዲያነቡልኝ ፈልጌ ነበር» አልኩት።

«ደብዳቤ ነው?» አለኝ።

«ኮምፒውተር ነው።»

«እህቴ፣ እኔ ከመሪ በቀር ማሽን ነክቼ አላውቅም» አለ፤ ጫማውን ግን ሲያጠልቅ ሰማሁት።

ገብቶ ቆመና፣ የመንገድ ምልክት እንደሚያነብ ሰው ቃል በቃል ያነብልኝ ጀመር፦ «አደገኛ ፕሮግራም ተገኝቷል። ባሕርይው፣ ተጠቃሚው የሚነካቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ይከታተላል። በስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ ያነባል። ያለማቋረጥ ይሠራል። የተወሰደበት እርምጃ፣ ወደ ለይቶ ማቆያ ገብቷል።»

እውነት ለመናገር ክሱ ላይ አንድም ውሸት የለም። የምነካውን ይከታተላል፣ ያለውን ሁሉ ያነባል፣ ዕረፍት የለውም። እንዲህ የሚከታተለኝ ሰውማ ምነው በኖረኝ።

«ሌላስ ምን ይላል?» አልኩ።

«ከታች በአረንጓዴ፣ ‹አሁን ደህንነትዎ ሙሉ በሙሉ ተጠብቋል› ይላል።»

እንደገና ደወልን። በዚህኛው ዕለት ያገኘነው ሠራተኛችሁ ከባድ ጉንፋን የያዘው ሰው ነበር። ስሙን እዚህ አልጠቅስም፤ እንዳታመሰግኑት ስለምፈራ ነው። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ከእኛ ጋር ቆየ። እሱ ያዛል፣ ሹፌሩ ያነባል፣ እኔ ቁልፎቹን እነካለሁ። ጋሽ ቆርቆሮን ፈታነው፤ ፕሮግራማችሁ ወዲያው መልሶ አሰረው። ደግመን ፈታነው፤ ደግሞ አሰረው። በሦስተኛው ላይ ባለ ጉንፋኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ እኔ ይህን ማለት አይገባኝም። ግን የእኛን አጥፍተው የሌላ ድርጅት ቢያስጭኑ ይሻልዎታል» አለኝ።

ሹፌሩም፣ «እውነቱን ነው፤ ይህን ያህል ካስቸገረሽ ምን ያደርግልሻል፣ አትጥዪውም?» አለ።

«የእነሱን መስኮት በጣቴ አውቀዋለሁ። አዲስ ከሆነ ከሀ ጀምሬ ልማር ነው» አልኳቸው። ይህ እውነት ነው፤ ግን ሙሉው እውነት አይደለም። ሙሉውን ለሁለት ወንዶች መናገር አሳፈረኝና እነሆ ለአንድ ድርጅት ሙሉ እየጻፍኩት ነው። እናቴ በሕይወት እያለች ከመተኛቷ በፊት «በሩን ቆልፈሻል?» ሳትለኝ አታድርም ነበር። ካረፈች ወዲህ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው የለም። ጠዋት ጠዋት ግን ከምንም በፊት የእናንተ ጽሑፍ ይመጣል፤ ጋሽ ቆርቆሮም «ምንም ስጋት አልተገኘም፤ ጥበቃው ቀጥሏል» ብሎ ያነበዋል። እኔም እሱን ሰምቼ ሻዬን እጥዳለሁ። ማንም ሊጎዳኝ እንዳልመጣ በየቀኑ የሚነግረኝን ድርጅት፣ አንድ ቀን ቤተሰቤን በስህተት ስላሰረብኝ ብቻ ላባርረው አልቻልኩም። ይህን ታማኝነት እንደ ይቅርታ እንዳትቆጥሩት አደራ።

ባለ ጉንፋኑ ተነፈሰ፤ አስነጠሰ፤ ከዚያም ጋሽ ቆርቆሮን «የሚታመኑ» በሚለው ዝርዝር ውስጥ እንድናስገባው መራን። ሹፌሩ ፊደል እየቆጠረ ነገረኝ፤ እኔ ጻፍኩ። ጋሽ ቆርቆሮም ተፈትቶ ተናገረ። የለመድኩት ፍጥነት ጠፍቶበት፣ ከሕመም እንደተነሣ ሰው እየተጎተተ፣ መጀመሪያ ያነበበው ስክሪኑ ላይ የነበረውን የራሱን ክስ ነው፦ «አደገኛ። ፕሮግራም። ተገኝቷል።» ሹፌሩ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ልስቅ አልቻልኩም፤ እጄን የድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌ ንዝረቱን እሰማ ነበር።

አምስተኛ፣ እንግዲህ ይህ በእርግጥ ቅሬታ ነው። ከሰዓት በኋላ የተጠራቀሙ መልእክቶቼን አስነበብኩ። በሦስቱ ቀን አሥራ አራት መጥተዋል። ሁለቱ ከመሥሪያ ቤቴ፣ አንዱ ከእህቴ የተላከ ቀልድ፣ አሥራ አንዱ የእናንተ። ከአሥራ አራቱ «ምነው ጠፋሽ?» የሚል አልነበረም፤ በዚህ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ከእናንተዎቹ መካከል «ይቅርታ» የሚል ርዕስ ያለውን ግን በጉጉት ከፈትኩት። ጋሽ ቆርቆሮ ሙሉውን አነበበልኝ፦ «ምስል። መግለጫ የለውም።» ይቅርታችሁን በፎቶ መልክ ስለላካችሁልኝ አመሰግናለሁ። ቆንጆ እንደሚሆን እገምታለሁ።

ሹፌሩ ያን ቀን ሲወጣ አመሰገንኩት። «ምን ሠራሁ፣ አነበብኩ እንጂ» ካለ በኋላ መስመሩ ስለተቀየረ በወሩ መጨረሻ ቤቱን እንደሚለቅ ነገረኝ። ባለፈው ቅዳሜ ዕቃ ሲወርድ ሰምቼ በሬን ከፍቼ ቆምኩ። ከሁለት ሰዎች ጋር ከባድ ነገር ተሸክሞ እያለፈ ነበር።

«እህቴ፣ ማሽንሽ ይናገራል?» አለኝ።

«ይናገራል» አልኩት።

«ደግ» ብሎ ወረደ። አዲስ የገቡት ሰዎች ጫማቸው ድምፅ የለውም፤ ስንት እንደሆኑ እንኳ ገና አላወቅኩም።

ክቡር ኃላፊ፣ ጊዜዎን በማባከኔ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ከእናንተ ጋር ያለኝን ውል ትናንት ለተጨማሪ ሦስት ዓመት ማደሴን በደስታ አበሥርዎታለሁ። ለድርጅታችሁ ዕድገትን፣ ለማሻሻያ ክፍላችሁ ትንሽ ስንፍናን፣ ለባለ ጉንፋኑ ፈውስን እመኛለሁ።

በእናንተ ጥበቃ ሥር፣ ከማንም ስጋት ርቃ፣ ከማንም ሰው ርቃ የምትኖረው፣
ታማኝ ደንበኛችሁ፣ ከአራተኛ ፎቅ

ያልጨረስኩት ነገር፦ ውሉን ሳድስ ቅጹ ላይ «እርስዎን ማግኘት ባንችል የምንደውልለት ሰው ስልክ» የሚል ቦታ ነበረ። ባዶ ልተወው ብል «ይህ ቦታ የግድ መሞላት አለበት» አለኝ። እህቴ የልብ ሕመምተኛ ስለሆነች ክፉ ነገር አይነገራትም። ጥቂት አሰብኩና የእናንተን የእገዛ መስመር ቁጥር ጻፍኩበት፤ ቅጹም ያለ ምንም ጥያቄ ተቀበለው። እንግዲህ አንድ ነገር ብሆን የሚደወለው ለእናንተ ነው። እባካችሁ አንሡት።