ከዱዓው በፊት የፈሰሰ ውሃ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ደሴ

ልጄ ዘይነባ ኮምቦልቻ የገዛችውን አዲስ ቤት ዛሬ ልትረከብ ስለነበር አብሬያት ወረድኩ። ቤቱን ሠርቶ የሸጠላት ሰው ሦስት የሰፈር ሽማግሌዎች ጠርቶ፣ ምንጣፍ አንጥፎ ጠበቀን። ገና ከመግባታችን ዱዓ ይደረግ አለ። ነገሩ ገባኝ። እኛ ዘንድ ዱዓ ከተደረገ በኋላ ጉድለት ማንሳት ነውር ነው፤ ሰው አፉን ይዞ ቁልፉን ተቀብሎ ይገባል።

እጄን ለዱዓ አላነሳሁም። "መጀመሪያ ቤቱን ልየው" አልኩ።

"ጋሼ፣ ቤቱ እኮ አዲስ ነው። ምኑ ይታያል?" አለኝ ሻጩ።

"አዲስ ስለሆነ ነዋ። አሮጌ ቢሆንማ የኖረበትን ሰው እጠይቅ ነበር።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁ። "ይኼ ሰውዬ ጀነት በር ላይም ማጠፊያውን ሳይፈትሽ አይገባም" አሉ።

መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ደፋሁ። ውሃው ማፍሰሻውን ትቶ ወደ መኝታ ቤቱ ገባ። ሁሉም ቆመው አዩት። ወለሉ ተነስቶ እንደገና እስኪሠራ ቁልፍ አንቀበልም አልኩና ሻጩን በወረቀት አስፈረምኩት። ሽማግሌዎቹ ዱዓውን ሳያደርጉ ተነስተው ሄዱ።

በሚኒባስ ተመለስን። ደሴ ደርሰን ከሚኒባሱ ስንወርድ ዘይነባ፣ "አባባ፣ እርስዎ ሰው ፊት አዋረዱኝ። ነገ ጎረቤቶቼ የሚሆኑት እኮ እነሱ ናቸው" አለችኝ።

ነገም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ። ወለሉ በሁለት ሳምንት ያልቃል ተብሏል። ሽማግሌዎቹ ግን እንደገና ብትጠራቸው ይመጡላት እንደሆነ አላውቅም።