«ሊቶሪና»ን የሠሩት አቶ ሀናድ ዓዋሌ

ዛሬ በሦስተኛው ቀን ዱዓ የተሰበሰብንላቸው አቶ ሀናድ ዓዋሌ ሮብሌ በ1954 ዓ.ም. በድሬ ዳዋ ከተማ፣ ገንደ ቆሬ፣ ከአባታቸው ከአቶ ዓዋሌ ሮብሌ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኪንሲ ጉሌድ ተወለዱ። አባታቸው በጅቡቲ መስመር የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። አቶ ሀናድ የቤቱ በኩር ናቸው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ሙሂዲን የስምንት ዓመት ታናሻቸው ነው።

ዕድሜያቸው ሲደርስ መድረሳ ገብተው ቁርአን ቀርተው፣ መደበኛ ትምህርታቸውንም እዚሁ ድሬ ዳዋ ተከታትለው በ1972 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። አባታችን በዚያው ዓመት ስላረፉ ከዚያ በላይ አልገፉበትም። መጋላ ሰፈር ውስጥ የሬዲዮና ቴሌቪዥን መጠገኛ ከፍተው እናታቸውን ጦሩ፤ ታናሽ ወንድማቸውንም አስተማሩ። ሙሂዲን እስኪጨርስ ድረስ አንድ ቀን እንኳ «ና ሱቅ ጠብቅ» ብለውት አያውቁም።

በ1979 ዓ.ም. አንድ ነጋዴ የጽሕፈት መኪና መስሏቸው ከጅቡቲ በባቡር ያስመጡትን ዕቃ ይዘው ወደ ሱቃቸው መጡና «ወረቀቱ በየት ነው የሚገባው?» ብለው ጠየቁ። ዕቃው ኮሞዶር 64 የሚባል የቤት ኮምፒውተር ነበር። ወረቀት እንደማያስገባ ሲነገራቸው ተናደው እዚያው ጥለውት ሄዱ። አቶ ሀናድ ከቴሌቪዥን ጋር አገናኙት። አብሮት የመጣውን የፈረንሳይኛ መጽሐፍም ከአባታቸው በለቃቀሟት የምድር ባቡር ፈረንሳይኛ እየታገሉ አነበቡት።

ከዚያ ወዲያ የተጠመዱበት ሥራ ዴሞ ይባላል። ዴሞ ጨዋታ አይደለም፤ ሒሳብም አይሠራም። ማሽኑ እስከ ምን ድረስ እንደሚችል ለማሳየት ብቻ የሚጻፍ፣ በስክሪን ላይ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ነው። ያ ኮምፒውተር ዛሬ በስልካችን የምናነሳት አንዲት ፎቶ እንኳ የማትገባበት ጠባብ ነበር። የድሬ ሙቀት ሲያስቸግረው ክዳኑን አንስተው ቬንትሌተር ያዞሩበታል። መብራት ሄዶ ካሴት ላይ ያልቀዱት ሥራ ሲጠፋ ደግሞ «ሁለተኛው ይሻላል» ብለው እንደገና ይጀምራሉ። በ1980 ዓ.ም. በኒካሕ ያገቧቸው ወይዘሮ ሳብሪን ዩሱፍ፣ የቤታቸው ቴሌቪዥን በዚያ ዘመን ዜና አሳይቶ እንደማያውቅ ዛሬም ይናገራሉ።

አቶ ሀናድ አራት ዓመት የለፉበትን ሥራ በ1983 ዓ.ም. ጨርሰው፣ በዚያው መስመር በምትሮጠው ፈጣን ባቡር ስም «ሊቶሪና» አሉት። ባቡሯ ከግራ ትመጣለች፤ ድልድዩን ትሻገራለች፤ ከጎኗ አንዲት ፍየል ትሮጣለች። የሰፈሩ ልጆች ፍየሏን ለማየት በር ላይ ይጋፉ ነበር። ከዚያ ባቡሯ ከሥዕሉ ወጥታ በስክሪኑ ዙሪያ ባለው ባዶ ጠርዝ ላይ ትነዳለች። ማሽኑ የተሠራው በዚያ ጠርዝ ላይ ምንም እንዳይሣል ተደርጎ ነው፤ አቶ ሀናድ ግን በሰከንድ ሽርፍራፊ እየቀደሙት አሳለፏት። ከኋላዋ ሦስት ፉርጎዎች ትጎትታለች። በየፉርጎው ላይ አንድ አንድ ፊደል አለ፦ ሀ፣ ና፣ ድ።

በ1984 ዓ.ም. አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ ማሠልጠኛ የቴክኒክ ሥራዎችን ለማወዳደር ጥሪ አደረገ። ለአሸናፊው ነፃ የትምህርት ዕድል ይሰጥ ነበር። ወይዘሮ ሳብሪን ሁለተኛ ልጃቸውን ሊወልዱ ቀናቸው ስለደረሰ፣ አቶ ሀናድ ሥራቸውን በወንድማቸው እጅ ላኩ። ሙሂዲን በዚያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሳያመጣ ቀርቶ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ነበር። መዝጋቢዋ «የሠሪው ስም?» ስትለው «ሙሂዲን ዓዋሌ» አለ። አፉን ያዳለጠው አይደለም። አስቦበት ነው ያለው።

ሥራው በጽሑፍ መግለጫው ብቻ ለመጨረሻው ዙር አለፈ፤ በዚያ ዙር ግን በዳኞች ፊት በስክሪን ይታያል። ሙሂዲን ወደ ድሬ ተመለሰ፤ አንድ ዓርብ፣ ወንድሙ ጁምዓ ሲሄዱ ጠብቆ በፉርጎዎቹ ላይ ያለውን ስም ለወጠ። የእሱ ስም አራት ፊደል ስለሆነ አንድ ፉርጎ ጨመረ። ያን ጊዜ ሥዕሉ በሙሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ምክንያቱን ሲፈልግ አቶ ሀናድ ከመስጊድ ተመልሰው ከኋላው ቆመው ነበር። ስሙን አነበቡት። ሙሂዲን ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

«ፉርጎ ስለጨመርክበት ነው» አሉ። «ማሽኑ ለአራቱ ጊዜ አይበቃውም። ተነስ፣ ቦታ ልፈልግልህ።»

ወንበሩን ለቀቀላቸው። ፍየሏን አውጥተው ጣሏትና በእሷ ፈንታ አራተኛውን ፉርጎ አስገቡ። ከቀትር በኋላ የአስር ሶላት ሲደርስ ባቡሯ ያለ እንከን ሄደች፤ በላይዋ ላይ ሙ፣ ሂ፣ ዲ፣ ን የሚል ነበር። ካሴቱን አውጥተው ሰጡት። ለምን ብለው አልጠየቁም።

ሙሂዲን አሸነፈ፤ ተማረ፤ የኮምፒውተር መምህር ሆነ። በየመድረኩ «የሊቶሪናው ሰው» እየተባለ ሲጠራ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሞላው። ድሬ ዳዋ ላይ የምስጋና ወረቀት ሲሰጠው አቶ ሀናድ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው አጨብጭበዋል። በ2011 ዓ.ም. የጥንት ዴሞዎችን የሚሰበስቡ የውጭ ሰዎች ሥራውን በኢንተርኔት አውጥተውት ብዙ ሰው ሲደነቅበት፣ «ጠርዙን እንዴት ከፈትከው?» ብለው ለሙሂዲን ጻፉለት። መልሱን አያውቀውም ነበር። ወደ ወንድሙ ሱቅ ሄዶ ጠየቃቸው። አቶ ሀናድ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ገጽ ሙሉ በእጃቸው ጻፉለት። እሱም ገልብጦ በራሱ ስም ላከው።

አቶ ሀናድ ሱቃቸው ውስጥ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ በኋላም ስልክ ሲጠግኑ ኖረዋል። ሌላ ዴሞ አልሠሩም። ምክንያቱን የጠየቃቸው የለም።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሰባት ወር ሲታከሙ ቆይተው፣ ሐሙስ ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ወደ አኺራ ተሻገሩ። በሕመማቸው ወራት ሙሂዲን በየዓርቡ አልጋቸው አጠገብ ይቀመጥ ነበር። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ለማለት ይመጣና ስለ መብራት መቆራረጥ፣ ስለ ባጃጅ ታሪፍ አውርቶ ይሄዳል። በመጨረሻው ዓርብ «ሀናድ፣ አንድ ነገር…» ብሎ ጀምሮ ነበር። «ደክሞሃል፤ ሂድ ቤትህ ተኛ» አሉት። ሄዶ ተኛ።

ልጃቸው ኢፍራህ ይህን ታሪክ እንድጽፍ ስትጠይቀኝ «አዴር፣ ከአጎት ሌላ ማን አለን? አባቴን ከአንተ በላይ የሚያውቀው የለም» አለችኝ። እውነቷን ነው። መጀመሪያ የጻፍኩት «ታታሪ የሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ» የሚል ነበር። ቀደድኩት።

በቀብራቸው ዕለት እንደ ደንቡ «በሟቹ ላይ የሚጠይቀው ሐቅ ያለው ይናገር» ተብሎ ሲጠየቅ አንድም ሰው አልተነሳም። የእሳቸው ሐቅ ያለበት ግን ከፊት ቆሞ ነበር። ለማሠልጠኛው ተቋምም ለውጭ ሰዎቹም የሊቶሪና ሠሪ ሀናድ ዓዋሌ መሆናቸውን ትናንት ጽፌላቸዋለሁ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሳብሪን፣ ልጆቻቸው ኢፍራህና አዩብ ግን ይህን የሰሙት አሁን፣ ከእናንተ ጋር ነው። አውፍታውን ከእነሱ እጠይቃለሁ፤ ቢከለክሉኝም ሐቃቸው ነው።

አላህ ለአቶ ሀናድ ይዘንላቸው፤ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፣ ኑርም ያድርግላቸው፤ በጀነተል ፊርደውስ ያኑራቸው። አሚን በሉ። ለቅሶ ልትደርሱ የመጣችሁ ሁሉ ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን አጽናኑልን። ታናሽ ወንድማቸውን ለጊዜው ተዉት።