የኅዳር ጎርፍ የዋጠው መኪና

አንጠልያስ፣ ጥር 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ጁባ ላለኸው ልጄ ለዘማርያም። እመብርሃን ከአታላይ ትጋርድህ፤ እኔ ደኅና ነኝ።

እዚህ ዓረብ አገር፣ ዶራ ሰፈር ባለው ደላላ በኩል ልትገዛው የተስማማኸውን ቅንጡ የመስክ መኪና በላክህልኝ ፎቶ ላይ አወቅሁት። ቤቷን የምሠራላት የማዳሜ ወንድም መኪና ነው፤ ኻልዴ ሰፈር ቆሞ ሳለ የኅዳር ጎርፍ እስከ መሪው ውጦት ነበር። ከወንበሩ ሥር ጭቃውን በማንኪያ የዛቅሁት እኔ ነኝ።

«ያላ ተዋበች፣ ሽታውን አጥፊልኝ! ገዢው፣ ያኒ... ማለቴ፣ የቆዳ ወንበር እንጂ ሌላ አያይም» ብሎ ሳቀ ባለመኪናው።

ያ ሞኝ ገዢ አንተ ሆንህ! ውኃ የገባበት መኪና ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ይበላል፤ ፍሬኑም መንገድ ላይ ይከዳል። በመካኒክ ምንጣፉን ሳታስገልጥ እንዳትፈርም። እኔ መናገሬን ቢሰሙ ያባርሩኛል፤ ቢሆንም ጻፍሁልህ።

ካላመንኸኝ ግዛና ብቻህን ንዳው፤ ነፍሰ ጡሯን ሚስትህን ናዝራዊትን ግን አደራ፣ እንዳታስገባት። እግዚአብሔር ማስተዋሉን ይስጥህ።

እናትህ ተዋበች